ወረቀቱ በማን ስም ነው?

ከሦስት ሳምንት በፊት በዚሁ ዓምድ ስለ ቢልሃርዚያ ጽፌ ነበር። ልጆች በጉማራ ወንዝና በጣና ዳር ሲዋኙ ምን እንደሚይዛቸው፣ ሰገራቸው ላይ ደም ሲታይ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ እንደሚገባ፣ በሽታውን የምታስተላልፈውም በውኃ ውስጥ የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ መሆኗን ካስረዳሁ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ «እንዶድ ቀንድ አውጣዋን እንደሚገድል ያረጋገጡት የእኛው ሰው ናቸው» ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍኩት። ስልክ ያስደወለችው ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት። ስለ በሽታው የጠየቀኝ ሁለት ሰው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እንዶዱ ባለቤት ነው።

አንዳንዱ «ታዲያ ለምን አልከበርንበትም?» ይላል። አንዳንዱ «ፈረንጅ ሰርቆን ነው» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ከወደ ፎገራ የደወሉ አንድ አባት ጥያቄ ነው። «ሲስተር፣ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሩዝ መውቂያ ሠርታለች። በእግር የሚረገጥ ነው፤ ነዳጅ አይጠይቅም። አሁን አንድ ድርጅት ሥራ ልስጥሽ ብሎ የውል ወረቀት ልኮላታል። ወረቀቱ ‹ሠራተኛዋ የሠራችውና የምትሠራው ፈጠራ ሁሉ የድርጅቱ ንብረት ነው› ይላል። ደመወዙ ጥሩ ነው። ትፈርም ወይስ ትተወው? እርስዎ የእንዶዱን ነገር ስለሚያውቁ ብዬ ነው።»

እኔ ነርስ ነኝ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ሆኖም ከሠላሳ ዓመት በላይ መድኃኒት ያደለ ሰው፣ የመድኃኒት ዋጋ ከየት እንደሚመጣ ሳይጠይቅ አይቀርም። የእንዶዱ ታሪክም ለእኚህ አባት ጥያቄ የሚሆን ነገር ስላለው ከእሱ ልጀምር።

እንዶድን ለእናንተ ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም። ሳሙና እንደልብ ባልነበረበት ዘመን ነጠላና ጋቢ የሚነጣው በእሱ ነበር። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ይመታል፣ አረፋው ይነሳል፤ ጥለቱን አይጎዳም። እናቶቻችን ወንዝ ወርደው ሲያጥቡበት ኖረዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነው። ስለ ቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ለማጥናት ወንዝ ለወንዝ ሲሄዱ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቶ አዩ። ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣ ባለበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምርላቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ግኝቱ የማን ነው? እንዶድ እንደሚያጸዳ ያወቁት፣ ከትውልድ ትውልድ ያቆዩት ሴቶቹ ናቸው። ቀንድ አውጣዋ ላይ የሚሠራውን ሥራ አስተውለው፣ ለክተው፣ ጽፈው ለዓለም የነገሩት ዶክተሩ ናቸው። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም። የዓድዋዋ አጣቢ ስሟ የትም አልተጻፈም።

ዶክተር አክሊሉ ከዚያ በኋላ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየአገሩ የእንዶድ ዓይነት እየሰበሰቡ የተሻለውን ለዩ፤ 44 ቁጥር የተሰጠው ዝርያ ብልጫ አሳየ። ይሁንና በኢትዮጵያ ላቦራቶሪ የተገኘው ውጤት ብቻውን በቂ ሆኖ አልታየም። የመርዛማነቱ ምርመራ በምዕራቡ ዓለም ደረጃ እንደገና ይሠራ ተባለ፤ ለዚያ የሚሆነውን ገንዘብ የሚሰጥ ግን ለረጅም ዓመታት ጠፋ። በዚያው ዘመን ለቀንድ አውጣ መግደያ የሚመከረው ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚያመርተው ባይሉሳይድ የሚባል ኬሚካል ነበር፤ ድሃ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ሆኖ አለፈ። ሁለቱ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ብዙ ሰው «ተሰረቅን» የሚለው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ለመቀበል አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ከተማዋ ያለችው በኤሪ ሐይቅ ዳር ነው። በዚያን ጊዜ ከሌላ አህጉር በመርከብ የመጣ፣ የሜዳ አህያ የመሰለ መስመር ያለው ትንሽ ባለ ቅርፊት ፍጡር ሐይቁን ወርሮ የውኃ መሳቢያ ቱቦዎችን ይደፍን ነበር። ዶክተሩ «እንዶድ ቀንድ አውጣን ከገደለ ይህንንስ?» አሉ። ተሞከረ፣ ሠራም። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካ ፓተንት አገኘበት።

ፓተንት ማለት በአጭሩ ይህ ነው፦ መንግሥት ለአንድ አዲስ ሥራ ባለቤት «ለተወሰነ ዓመት ካንተ ፈቃድ ውጭ ማንም እንዳይሠራበት እጠብቅልሃለሁ፤ አንተ ደግሞ አሠራሩን ሳትደብቅ ጻፍልኝ» የሚልበት ውል ነው። በወረቀቱ ላይ ሁለት ቦታ አለ። አንደኛው «ፈልሳፊ» ይላል፤ እዚያ የሰዎች ስም ይጻፋል። ሌላኛው «ባለመብት» ይላል። በእንዶዱ ፓተንት ላይ የዶክተር አክሊሉ ስም አለ፤ ከሁለት የአሜሪካ ሰዎች ጋር ፈልሳፊ ተብለው ተመዝግበዋል። ባለመብቱ ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። ልሽጥ፣ ላከራይ፣ ልከልክል የሚለው ይህ ሁለተኛው ስም ነው። የመጀመሪያው የክብር ነው።

የመብቱ ተጠቃሚ ግለሰብ ነው ወይስ ኩባንያ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው፣ እኔ እንደማየው፣ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መካከል ነው። ሕጉ ሲጻፍ የሚናገረው ስለ ፈጣሪው ነው። ስለሚደክመው፣ ሌሊት ስለሚያስበው ሰው። ወረቀቱ ተፈርሞ ሲያልቅ ግን ፈጣሪው በላይኛው መስመር፣ ተቋሙ በታችኛው መስመር ይገኛሉ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ስለ እንዶዱ አንድ የተሳሳተ ወሬ አለና ላስተካክል። የአሜሪካ ፓተንት የሚሠራው አሜሪካ ውስጥ ነው። የሐሙሲት እናት በእንዶድ ጋቢ ብታጥብ የሚከለክላት የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ያ ፓተንት ራሱ ዕድሜው ካለቀ ቆይቷል። ዶክተር አክሊሉም እ.ኤ.አ. በ1997 አርፈዋል። ቢልሃርዚያው ግን ጣና ዳር አለ። ለእኔ ከስርቆቱ ወሬ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ለአሜሪካ ቱቦ ሲሆን በሁለት ሦስት ዓመት ወረቀት ያገኘው ዕውቀት፣ ለእኛ ልጆች ሆድ ሲሆን ሃያ ዓመት ደጅ መጥናቱ። ይህ የሆነው ሕግ ተጥሶ አይደለም። ሕጉ የሚጠብቀው የሚገዛ ያለውን ነገር ስለሆነ ነው።

ነገሩ የፈረንጅና የሐበሻ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ ሌላ ታሪክ ላምጣ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1964፣ ከቶሊዶ ብዙም በማትርቀው በዲትሮይት ከተማ፣ ጀሮም ሆርዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በመንግሥት ገንዘብ ለካንሰር የሚሆን መድኃኒት ሲፈልግ አንድ ውሕድ ሠራ። በአይጥ ላይ ሲሞከር አልሠራም። ሰውየው ፓተንት ሳያወጣበት ተወው። ከሃያ ዓመት በኋላ ኤድስ መጣ። በሮውዝ ዌልካም የተባለ ኩባንያ ያንኑ ውሕድ ከመደርደሪያ አንስቶ፣ በአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች ጭምር እየታገዘ ሞክሮ፣ ለኤድስ ሕክምና የሚውልበትን ፓተንት አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሲፈቀድ የመጀመሪያው የኤድስ መድኃኒት ሆነ። ነርሶች ዚዶቩዲን የምንለው ማለት ነው። ዋጋው ለአንድ ሰው በዓመት በብዙ ሺሕ ዶላር ነበር። ሆርዊትዝ ከዚያ ሽያጭ ድርሻ አልነበረውም። ፈረንጅ ነበር፣ ነጭ ነበር፣ የሚሠራውም ዲትሮይት ነበር፤ ግን ከታችኛው መስመር ላይ ስሙ የለም።

ኩባንያውንም ላልበድለው። አንድ መድኃኒት በሰው ላይ ሞክሮ፣ አጣርቶ፣ እስከ ሆስፒታል ማድረስ ብዙ ገንዘብ ይበላል። መደርደሪያ ላይ የቀረ ውሕድ ለማንም አይጠቅምም። ትርፍ የሚያገኝ ከሌለ ብዙ መድኃኒት እዚያው ይቀር ነበር የሚሉትን አምናቸዋለሁ። ልኩ ላይ ነው የምጣላቸው።

ልኩን እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በምሠራበት ጤና ተቋም የኤች አይ ቪ ሕሙማንን የምንሸኘው በቫይታሚንና በማጽናኛ ቃል ነበር። መድኃኒቱ እንዳለ እናውቃለን። ሕሙማኑም ያውቃሉ፤ ከአሜሪካ ዘመድ በስልክ ነግሯቸዋል። አንድ የገጠር አባወራ ሁለት በሬውን ሸጦ የሦስት ወር መድኃኒት ከአዲስ አበባ አስመጣ። አራተኛው ወር ላይ የሚሸጥ በሬ አልነበረም። ሚስቱ ሁለት ልጅ ይዛ መጥታ «ሲስተር፣ ጀምሮ ማቆም አይጎዳውም ወይ?» አለችኝ። ይጎዳዋል። እንደሚጎዳው ነገርኳት።

በዚያ ጊዜ የሦስቱ መድኃኒት ጥምር በሀብታም አገር ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ርካሽ መድኃኒት ልታስገባ ሕግ ብታወጣ 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች ፍርድ ቤት አቆሟት፤ ዓለም ሲጮኽባቸው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2001 ክሱን ተዉት። በዚያው ዓመት ሲፕላ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ያንኑ ጥምር ለእርዳታ ድርጅት በዓመት 350 ዶላር አቀረበ። ይህን ማድረግ የቻለው የሕንድ ሕግ በዚያን ጊዜ የመድኃኒቱን አሠራር እንጂ መድኃኒቱን ራሱን በፓተንት ስለማያስይዝ ነው። እኛ ጋ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያ አባወራ አልደረሰበትም። ሚስቱ ግን ደርሳበታለች፤ ልጆቿን አሳድጋ ድራለች።

ከ10,000 ወደ 350 የወረደው የመድኃኒቱ ዓይነት ስለተለወጠ አይደለም። ያው ክኒን ነው። የተለወጠው ወረቀቱ ነው።

ስለ ጤፍም ደዋዮች ስላነሱ በአጭሩ ልበል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር የጤፍ ዘር ወስጄ ልሥራ፣ ጥቅሙን ላካፍል ብሎ ውል ገባ። ጎን ለጎን ግን በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የራሱን ፓተንት አወጣ። የፓተንቱ አንዱ ፍሬ ነገር ምን መሰላችሁ? ጤፉ ከታጨደ በኋላ ሳይፈጭ ጥቂት ሳምንት ይቆይ የሚል ነው! የከረመ ጤፍ ለእንጀራ እንደሚሻል የማታውቅ አያት ካለች ትጻፍልኝ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ ተባለ፤ ፓተንቱ የዚያው ኩባንያ ሰዎች ወዳሉበት ሌላ ድርጅት ተላለፈ። ውሉን የፈረመው ከስሯል፣ ፓተንቱን የያዘው አልፈረመም። ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ያገኘችው ወደ 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት የሆላንዱን ፓተንት አዲስ ነገር የለበትም ብሎ ውድቅ አደረገው። ደስ ብሎናል። ግን ክሱ የነበረው በባለፓተንቱና በሌላ የሆላንድ ኩባንያ መካከል ነው። የጤፋችን ጉዳይ የተወሰነው ሁለት ነጋዴዎች ሲካሰሱ ነው፤ ባይካሰሱስ ኖሮ?

የቡናው ነገር ይለያል። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም ስሙን መጠቀም ለምዶ ነበርና ነገሩ ከረረ። ኦክስፋም የተባለው ድርጅት ሕዝብ አስተባብሮ ጮኸ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ተስማማ። እዚህ ላይ በታችኛው መስመር የተጻፈው የኢትዮጵያ ስም ነው። ገበሬው ኪስ ምን ያህል ገባ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከስም እስከ ኪስ ረጅም መንገድ አለ እላችኋለሁ። ያም ሆኖ ወረቀት ድሃንም ሊያገለግል እንደሚችል ያየሁት በቡናው ነው፤ ያገለገለው ግን ለብቻው ለቆመ ገበሬ ሳይሆን በመንግሥት ስም ለቆመ አገር ነው።

አሁን ወደ ፎገራው አባት። አባታችን፣ ልጅዎ ውሉን ጥላ ትሂድ አልልም። ሥራ እንደልብ አይገኝም፣ ደመወዝም ያስፈልጋል። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለችውን አንዲት ቃል ግን ይዩልኝ፤ «የሠራችውና» የምትለውን። በእኛ አገር የፈጠራ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት፣ ሠራተኛ በተቀጠረበት ሥራ ላይ ሆኖ የሚፈጥረው ነገር፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ነው። ይህ በሌላውም ዓለም የተለመደ ነው፤ «የምትሠራው» የሚለው ብዙ ላያጣላ ይችላል። ተማሪ ሳለች የሠራችው መውቂያ ግን ድርጅቱ ደመወዝ ሳይከፍላት፣ ብረትም ሳይገዛላት የተሠራ ነው። እሱን አሳልፋ የምትሰጠው ራሷ ፈርማ ብቻ ነው። ስለዚህ ያቺ ቃል ትሰረዝ ትበል፤ ወይም መውቂያው በስም ተጠቅሶ «ይህ ከውሉ ውጭ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ድርጅቱ መውቂያውን ከፈለገው ዋጋ ይንገር፤ ያ ሌላ ውል ነው። «ቃሏን ብትሰርዝ ሥራውን እንከለክላታለን» ካሉ ደግሞ የፈለጉት ልጅቷን ነው ወይስ መውቂያውን የሚለውን እርስዎም እሷም በዚያው ታውቁታላችሁ።

ሌላም አለ። መውቂያውን የሠሩት ሦስት ናቸው። አብረው የፈጠሩት የሦስቱም ነውና እሷ ብቻዋን ፈርማ የጓደኞቿን ድርሻ ልትሰጥ አትችልም፤ ብትፈርም ነገ የምትጋጨው ከጓደኞቿ ጋር ነው። የዩኒቨርሲቲውም ደንብ ይታይ፤ የተማሪ ሥራ ላይ ድርሻ አለኝ የሚል ዩኒቨርሲቲ አይጠፋም። ማን ምን እንደሠራ፣ መቼ እንደሠራ ሦስቱ ተቀምጠው በወረቀት ያስፍሩት፣ ይፈርሙበት። ጓደኛሞች ሳሉ የተጻፈ ወረቀት ከተጣሉ በኋላ ከሚጻፈው ይሻላል፤ ይህን የምለው ከትዳር ጉዳዮችም ካየሁት ነው።

በተረፈ ብዙ ተስፋ እንዳይሰንቁ። በእግር የሚረገጥ የሩዝ መውቂያ በእስያ አገሮች ከቆየ ብዙ ዘመኑ ነው። ፓተንት የሚሰጠው በዓለም አዲስ ለሆነ ነገር ስለሆነ ላይገኝ ይችላል። ነገር ግን ሕጋችን «አነስተኛ ፈጠራ» ለሚባለውም የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ መስፈርቱ ቀለል ያለ ነው፣ አምስት ዓመት ያገለግላል፣ ለአምስት ዓመትም ይታደሳል። ፓተንቱ 15 ዓመት ነው፤ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ አምስት ዓመት ይጨመርለታል። ሁለቱም የሚጠየቁት አዲስ አበባ ካለው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። እስኪመለከቱ ድረስ ልጆቹ አሠራሩን በቴሌግራምና በቲክቶክ አይዘርግፉት። ሰው ሁሉ ያየው ነገር በብዙ አገር አዲስ አይባልም።

የሩዝ ነገር ከተነሳ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ፎገራን ያለበሰው ሩዝ ራሱ ከየት መጣ? በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ ነው የገባው። ገበሬው ለብዙ ዓመት የዘራው ዝርያ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው፣ በእኛው በደራ ወረዳ በጅግና የነበረውን የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ስም ይዞ ነው። ገበሬ ለገበሬ በቁና እየተሰጣጠ ሜዳውን ሞላው። በየክረምቱ ዘሩን ከኩባንያ ግዛ የሚል ወረቀት ቢኖርበት ኖሮ ዛሬ የልጅቷ መውቂያ የሚወቃው ሩዝ ባልኖረ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ነገር ባለቤት ይበጅለት የሚሉትንም አልከተልም።

ለአያቶች የምለው ደግሞ አለ። የቀድሞ መድኃኒት አዋቂ ዕውቀቱን የሚጠብቀው በመደበቅ ነበር። ቅጠሉን ማንም ሳያየው ቆርጦ፣ ስሙን ሳይናገር ወቅጦ ይሰጣል፤ ለአንድ ልጁ ብቻ በመጨረሻው ሰዓት ይነግራል። ያም የራሱ ፓተንት መሆኑ ነው፣ ግን ጊዜ ገደብ የሌለው። አዋቂው ድንገት ሲሞት ዕውቀቱም አብሮት ይቀበራል። በሥራ ዘመኔ ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ጋር ስጨቃጨቅ ኖሬያለሁ፤ የሚጎዳውን ከሚጠቅመው የሚለይልን ምርመራ የሚደረገው ስሙን ሲናገሩ ነውና።

ዛሬ ተማሪና ተመራማሪ ደብተር ይዞ ወደ ሽማግሌዎች ይመጣል። ማስተማሩ መልካም ነው። ብቻ ጠይቁት፦ ከየት ተላክህ? የጻፍከውን ወዴት ትወስደዋለህ? ወረቀትህ የታለ? አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአካባቢውን ሕዝብ ዕውቀት የሕዝቡ ነው ይላል፤ ለምሳሌ የውጭ አገር ሰው የተክል ዘርም ሆነ ስለ ተክሉ የሚታወቀውን ይዞ ለመውጣት ከኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከጄኔቲክ ሀብቱ በገንዘብ የሚገኘው ጥቅም ለመንግሥት ሲደርስም ግማሹ የአካባቢው ኅብረተሰብ ድርሻ ነው። ቀበሌው ሳያውቅ፣ ፈቃድ ሳይታይ ቅጠል በከረጢት አታስይዙ። የተናገራችሁት ሰው ስምና የሰፈሩ ስም ደብተሩ ላይ መስፈሩን ደግሞ ልጅ አስነብባችሁ አረጋግጡ። የዓድዋዋ አጣቢ ይህን የሚያስነብብላት አልነበረም።

እንዶድን በተመለከተ የደወሉልኝ ሁለት እናቶች «ለሆድ ትል ይጠጣል ወይ?» ብለዋል። አይጠጣም። ለልብስ እንጂ ለሆድ አይደለም። ፅንስ ለማስወረድ ብለው ጠጥተው የመጡ ልጃገረዶች አይቻለሁ፤ ሁሉም አልተረፉም። ለቢልሃርዚያ ጤና ጣቢያው የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል አለ፤ በክብደት ተለክቶ ይወሰዳል። የፓተንት ዘመኑ ያለፈ፣ ከአንድ በላይ ፋብሪካ የሚሠራው፣ ለትምህርት ቤት ልጆች በእርዳታ የሚመጣ መድኃኒት ነውና ዋጋ ፈርታችሁ አትቅሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጥርስ በሚያበቅሉ ሕፃናት ላይ ስለሚታይ ተቅማጥና ጥርስ ስለ ማስነቀል እንጨዋወታለን።